አሥር እርምጃ

የአባቴ የሦስት ወር ደመወዝ
ባሕር ሆኖ ነው የመጣው፤
የባቡሩ ካዝና ሲነጥፍ፣ ፈረንጁ አለቃ ሲሄድ፣
ከቢሮው ግድግዳ አውርዶ ሰጠው።
በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣
በጋሪ ጭኖ ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ፤
እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ሮብሌ» አለችው፣
«ይኼን ቀፊራ ወስጄ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ልግዛበት ዛሬ?»

ሮብሌ ማለት በሶማልኛ በዝናብ የተወለደ፤
እናቴ ደግሞ ዘነበች።
ሁለት ዝናብ ተጋብተው የኖሩባት ቤት
በዓመት ጥቂት ካፊያ ካየች ዕድለኛ ነበረች።

ሥዕሉ፦ ውሃ፤ ከውሃው ዳር ቀይ አለት፤
አለቱ ላይ በነፋስ የጎበጠ ጥድ፤
ሸራቸው የተነከሰ ብስኩት የሚመስል ሁለት ጀልባ፤
የሠዓሊው ስም ከታች፣ ጉንዳን የሄደበት መንገድ።
«ሜዲትራኒያን» አለ አባቴ፣
ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች በምላሱ እያገላበጠ፤
ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን
ወለሉን መታና ተገለበጠ።

ቀርቤ ባየው ባሕር የለም።
የቀለም እብጠት አለ፣ የብሩሽ ጭረት፤
ሰማያዊ ያልሁት ወይን ጠጅ፣ ወይን ጠጅ ያልሁት አረንጓዴ፤
ጀልባዋ የሳሙና ፍርፋሪ፣
ጥዱ አንድ ሰው አውራ ጣቱን ያሳረፈበት።
«አትጠጊው አቦ!» አለ አባቴ፣
«ባሕር ከአሥር እርምጃ ነው የሚታይ።»
ቤታችን ከግድግዳ እስከ ደፍ ሰባት ናት።
ሦስቱን ከግቢው ተበደርን፣ በሩን ከፍተን፣ ከፀሐይ።

ከሎሚው ዛፍ ሥር በኖራ ምልክት አደረገ፤
እዚያ ላይ ስትቆም ውሃው ይነቃል፤
ጭረት ከጭረት ይገጥማል፣ ጀልባው ያዘነብላል፣
ግማሽ ሰፈር ወረፋ ይዞ
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል።
ዋይስ ብቻ፣ ጅቡቲ በኮንትሮባንድ የሚመላለሰው፣
«ባሕር እንዲህ አይደለም፣ ወላሂ» አለ፤
«ባሕር ዓሣና ናፍጣ ይሸታል፤
ይኼ ምን ሽታ አለው?»
«የሦስት ወር ደመወዝ» አለች እናቴ ከውስጥ፤
የሰማ ሁሉ ዝም አለ።

ትምህርት ቤት ጥላን በወይን ጠጅ ቀባሁ፤
መምህር ታፈረ ዜሮ ሰጡኝ፣ «ጥላ ጥቁር ነው» ብለው።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣
አባቴ እጄን ይዞ ከዚራ ወሰደኝ።
«እዪ» አለኝ።
የዛፎቹ ጥላ አስፋልቱ ላይ፣ የብስክሌቱ፣
ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ፣
ወይን ጠጅ ነበር ሁሉም።
ዜሮዬን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አባቴ ሞተ።
ኖራውን ዝናብ ሳይሆን ዶሮ ጭሮ አጠፋው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወድቅ፣
ደንገጎ ላይ ሰማይ ተቀደደ፤
ደቻቱ፣ ያ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት አሸዋ፣
ሌሊቱን ድንጋይ እያፋጨ፣ ግንድ እያላጋ ወረደ።
የኑሪያን የስፌት መኪና ወሰደ፣ የአጥራችንን ቆርቆሮ፤
ኑሪያን ራሷን በሦስተኛው ቀን አገኘናት።
እኛ ጣሪያ ላይ ሆነን ሰማነው፣ በሩን ሲከፍት።
ውሃው ሥዕሉን ሊያይ መጣ፣
ግን ተጠጋ፤
አሥር እርምጃን ለጎርፍ ማን ይንገረው፣ በዚያ ጨለማ?

ሲነጋ ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር፣ ወገብ የሚደርስ፣
ሳይቆረጥ በሥዕሉ ላይ አልፏል፤
ከቀይ አለቱ ሥር፣ ዳርቻው ባለበት፣
የደቻቱ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።
ጀልባዎቹ አልረጠቡም።

እናቴ ድስቱን አጠበች፣ ወንበሩን፣ ቁም ሳጥኑን፤
ጨርቋን ጨምቃ ሥዕሉ ፊት ቆመች፤
እሷ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
አንድ ቀን እንኳ ኖራውን ያልረገጠች።
«ልጥረገው?» አልኳት። መልስ የለም።
ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ጣለችና
ዓይኗን ከባሕሩ ሳትነቅል
ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች፣
እየቆጠረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
አንድ፣ ሁለት፣
ደፉን በተረከዟ ዳብሳ አገኘችው፣ ሰባት፣
ስምንት ላይ አንድ እግር ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ።
አላነሣችውም።
ዘጠኝ።